ከጉሮሮ እስከ አንጎል፤ «ማይኮቲክ አኑሪዝም» ስለሚባለው በሽታ ስምና ትምህርት የቀረበ ትችት

በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ በሦስት ወይም በአራት አንቀጽ ተጠቃለው የሚታለፉ በሽታዎች አሉ። ተማሪው «ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚታይ ነው» የሚለውን ቃል እንዳነበበ ገጹን ይገለብጣል፤ ለፈተና ያህል ስሙን ብቻ ይይዛል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የመረጥነው ከእነዚህ አንዱን ነው። ይኸውም በልብ ውስጥ ያደረ ልክፈት በደም ተወስዶ የአንጎልን ደም ቅዳ ሲያቆስል የሚፈጠረው፣ «ማይኮቲክ አኑሪዝም» የተባለው በሽታ ነው። አኑሪዝም ማለት የደም ቅዳ ግድግዳ በአንድ ስፍራ ደክሞ እንደ ፊኛ መነፋቱ ነው። የተነፋው ነገር ሲፈነዳ ደሙ በአንጎል ውስጥ ይፈስሳል፤ ሕመምተኛውም ብዙ ጊዜ ይሞታል፤ ቢተርፍም ግማሽ ጎኑ ሽባ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ዓላማችን በሽታውን እንደ መማሪያ መጽሐፍ ለመተንተን አይደለም፤ ያንን መጻሕፍቱ ያደርጉታል። የምንሻው በሽታው የተሰየመበትን ስም፣ በመጻሕፍት የተሰጠውን ቦታና ከእርሱ ጋር የሚሰጠውን ምክር መተቸት ነው። ሦስት ነቀፋዎች አሉን። ስሙ ያሳስታል፤ ቦታው ተዛንፏል፤ ምክሩም ሕመምተኛው የሚመጣበትን አገር አያውቅም። እነዚህን በየተራ እናቀርባለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያችን ይገንዘብልን።

፩. የስሙ ነገር

በ1885 ካናዳዊው ሐኪም ዊልያም ኦስለር በለንደን በሚገኘው የሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ፊት ስለ ከባድ የልብ ውስጥ ልክፈት ተከታታይ ንግግር አድርጎ ነበር። በዚያ ንግግር ከልብ በሚወጣው ታላቅ ደም ቅዳ ላይ ብዙ እብጠቶች የታዩበትን የአንድ ወጣት አስከሬን ምርመራ አቀረበ። በልቡ ቫልቭ ላይ የበቀለው ነገር እንጉዳይ መሰለው፤ ስለዚህም እንጉዳይ ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣውን «ማይኮቲክ» የሚለውን ቅጽል ለእብጠቶቹ ሰጣቸው።

ለኦስለር ፍርድ መስጠት ቢያስፈልግ በቅን ልንሰጥ ይገባል። በእርሱ ዘመን ይህ ቃል ረቂቅ ተሕዋስያንን ሁሉ ያጠቃልል ነበር፤ ባክቴሪያና ፈንገስ ዛሬ እንደምናውቀው አልተለዩም። ዋናውን ነገር ማለት የልብ ልክፈትና የደም ቅዳ እብጠት አንድ ሰንሰለት መሆናቸውን እርሱ በትክክል አይቶታል። ከእርሱም ቀደም ብሎ በ1869 ቸርች የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የአንጎል ደም ቅዳ እብጠትና የልብ ልክፈት በአንድ ልጅ ላይ ተያይዘው መታየታቸውን ጽፎ ነበር። እንግዲህ ነቀፋችን በመጀመሪያው ሰያሚ ላይ ሳይሆን ሳይንስ ሁለቱን ፍጥረታት ከለየ በኋላም ስሙን ሳያርሙ በተቀባበሉት ላይ ነው።

ዛሬ እንደሚታወቀው ይህን በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጡት ባክቴሪያዎች ናቸው። ከእነርሱም ዋኖቹ በአፍ ውስጥ የሚኖሩት የስትሬፕቶኮከስ ወገኖችና ብዙ ጊዜ ከቆዳ የሚመጣው ስታፊሎኮከስ ናቸው። ፈንገስ የሚያመጣው እብጠት በእርግጥ አለ፤ ነገር ግን ጥቂት ነው፤ ይልቁንም የሰውነታቸው መከላከያ በደከመባቸው ሰዎች ላይ ይታያል። ስለዚህ ስሙ አብዛኞቹን ሕሙማን በጥቂቶቹ ስም የሚጠራ ሆኖአል።

በእንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው ይህ ስሕተት የታሪክ ቅርስ ብቻ ነው፤ ግሪክ የማያውቅ ሰው ቃሉን ሲሰማ እንጉዳይ አይታየውም። ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቃሉን እንዳለ የሚመልስ ሰው «የፈንገስ አኑሪዝም» ይላል፤ በዚህም ጊዜ በእንግሊዝኛው ውስጥ ተኝቶ የነበረው ስሕተት በአማርኛው ይነቃል። «የፈንገስ» የተባለ በሽታ ደግሞ የፈንገስ መድኃኒት ይጠራል። ሕመምተኛው የሚያስፈልገው ግን በደም ሥር የሚሰጥ የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ። ተርጓሚ ቃል ሲመርጥ መድኃኒትም እንደሚመርጥ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

ስለዚህ «በልክፈት የመጣ የደም ቅዳ እብጠት» ብንል፣ ወይም አጥረን «ልክፈታዊ አኑሪዝም» ብንል እንመርጣለን። ቃሉ ለጆሮ አያምር ይሆናል፤ ነገር ግን ሐሰት አይናገርም። ከዚህ በታች እኛ የምንጠቀመው በዚህ ስም ነው።

፪. የቦታው ነገር

ሁለተኛው ነቀፋችን ይህ በሽታ በመጻሕፍት ውስጥ የሚገኝበትን ምዕራፍ ይመለከታል። ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ስለ አንጎል ደም ሥሮች በሚናገረው ክፍል፣ ከተለመደው የአንጎል አኑሪዝም ቀጥሎ እንደ ጭራ ሆኖ ነው። ሁለቱ ግን በስም እንጂ በጠባይ ወንድማማች አይደሉም።

የተለመደው አኑሪዝም በአንጎል ሥር፣ ታላላቆቹ ደም ቅዳዎች ክብ ሠርተው በሚገናኙበትና በሚለያዩበት ማዕዘን ላይ እንደ ፍሬ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ብዙ ጊዜ የሚፈነዳው በጎልማሶች ላይ ነው፤ የደም ግፊትና ትምባሆ ያግዙታል። ልክፈታዊው ግን ከሥሩ ርቆ፣ በቀጫጭኖቹ ቅርንጫፎች ላይ ይወጣል፤ ከሁሉም የበለጠ የሚያጠቃው የአንጎልን ጎን የሚመግበውን የመካከለኛውን ደም ቅዳ ጫፎች ነው። ቅርጹ እንደ ፍሬ የተንጠለጠለ ሳይሆን ቧንቧው ራሱ በሙሉ ወገቡ ያበጠ ሊሆን ይችላል፤ ከአንድ በላይ ሆኖ የሚገኝበትም ጊዜ ብዙ ነው። ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ ወጣት ነው፤ ትኩሳትም አለበት።

የዚህ ልዩነት ምክንያት አመጣጡ ነው። በታመመ የልብ ቫልቭ ላይ ባክቴሪያና የረጋ ደም ተደባልቀው ይበቅላሉ። ከዚያ ላይ ቍራሽ ተገንጥሎ በደም ይወሰዳል፤ ቧንቧው እየጠበበ ሲሄድ አንድ ስፍራ ላይ ይሰነቀራል። ባክቴሪያውም የደም ቅዳውን ግድግዳ ያቆስላል፤ ቁስለቱ ብዙ ጊዜ ከውጭ ወደ ውስጥ እየበላ የጡንቻውንና የሚለጠጠውን ሽፋን ያፈርሳል። የአንጎል ደም ቅዳዎች ደግሞ ከሌላው ሰውነት ደም ቅዳዎች ይልቅ ግድግዳቸው ስስ ነው፤ ውጫዊው የሚለጠጥ ሽፋንም የላቸውም። ስለዚህ የደከመው ስፍራ በልብ ምት ግፊት ይነፋል። በ1973 በወጣ የውሾች ሙከራ እንደ ታየው፣ ልክፈት ያለበት ቍራሽ ወደ አንጎል ደም ቅዳ ከገባ በኋላ እብጠቱ ለመፈጠር ዓመታት አይፈልግም፤ ጥቂት ቀናት ይበቁታል።

እንግዲህ በሽታው የሚጨርሰው በአንጎል ነው እንጂ የሚጀምረው በአንጎል አይደለም። የሚጀምረው በልብም አይደለም። በአገራችን ቫልቭን ለልክፈት አመቻችተው ከሚሰጡት ምክንያቶች ዋናው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው፤ ከእርሱም ጋር ሲወለድ የነበረ የልብ ጉድለት አለ። የሩማቲክ ሕመም ደግሞ የሚጀምረው በልጅነት ጉሮሮ ነው። ከስትሬፕቶኮከስ ወገን ምድብ «ኤ» የሚባለው ባክቴሪያ የሕፃኑን ጉሮሮ ያሳምመዋል፤ ሕመሙ በጥቂት ቀን ይለቃል። ነገር ግን ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰውነቱ ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያስነሣው ኀይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና የራሱን ልብ ይወጋል። ያበጡት ጉልበቶች ሳይጎዱ ይድናሉ፤ ቫልቩ ግን ጠባሳ ይዞ ሊቀር ይችላል። ጉሮሮው በየጊዜው በታመመ ቍጥር ጠባሳው ይወፍራል።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የተጻፉት መጻሕፍት ይህን ሁሉ የሚዘልሉት በስንፍና አይደለም። በዚያ አገር የሩማቲክ ሕመም እጅግ ቀንሷል፤ የልብ ልክፈት የሚይዛቸውም ብዙዎቹ ሽማግሌዎች፣ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያላቸው ወይም አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ የሚወስዱ ናቸው። ጸሐፊው የሚጀምረው የእርሱ ሕመምተኛ ከሚጀምርበት ነው። ጥፋቱ ያለው ምዕራፉን እንዳለ ገልብጦ ለእኛ ተማሪ በሚሰጠው ትምህርት ላይ ነው፤ የእኛ ሕመምተኛ የሚጀምረው ከዚያ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት አስቀድሞ ነውና።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስል በአገራችን የተደረጉትን ቆጠራዎች እናስታውስ። በ1990ዎቹ ዓመታት በተማሪዎች ላይ በጆሮ ማዳመጫ ተጀምረው የተደረጉት ጥናቶች ከ1,000 ልጆች ከ4 እስከ 7 የሚሆኑት የሩማቲክ የልብ ሕመም እንዳለባቸው አመልክተዋል። በ2016 በልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገር ከ3,000 በሚበልጡ ተማሪዎች ላይ በልብ አልትራሳውንድ የተደረገው ጥናት ግን ቍጥሩን ከ1,000 ወደ 19 አድርሶታል። ከዚህ በመነሣት በሽታው በሃያ ዓመት ውስጥ ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት አይገባም። ጆሮ የማይሰማውን ዓይን ስላየው ነው። የምንማረው ቁም ነገር፣ ቫልቩ መታመሙን ራሱም ቤተሰቡም መምህሩም የማያውቅ ልጅ በየትምህርት ቤቱ መቀመጡን ነው።

፫. ምክሩና አገሩ

ሦስተኛውን ነቀፋ በወሬ ብቻ እንዳናልፈው ስፍራ እንምረጥለት። ሰንበቴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ መካከል የምትገኝ ከተማ ናት፤ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ መቀመጫ ናት። የዞኑ ዋና ከተማ ከሚሴ ከእርሷ በስተሰሜን ነው። ሰንበቴ እንደ ስሟ በእሑድ ገበያዋ የታወቀች ናት፤ ከደጋው የወረደው አማራ፣ የአካባቢው ኦሮሞ፣ ከቆላው የመጣው አፋርና አርጎባው በአንድ ሜዳ ይገበያዩባታል። ከዚያ አዲስ አበባ ለመድረስ ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል፤ አቀበቱም የጣርማ በር ነው።

በዚህ አገር አንዲት ልጅ እናስብ። ስም አንሰጣትም፤ የምንተርከው የበሽታውን መንገድ እንጂ የአንዲትን ሰው ታሪክ አይደለምና። በስምንት ዓመቷ ጉሮሮዋን ታመመች። እናቷ ዝንጅብል አፈላችላት፤ ጎረቤትም «እንጥሏ ወርዶ ይሆናል፤ ይቈረጥ» አለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቷ አበጠ፤ ቀጥሎም ቁርጭምጭሚቷ። ይህም «ቁርጥማት» ተባለና ተሻላት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ውኃ ተሸክማ አቀበት ስትወጣ ልቧ ይደልቅ፣ ትንፋሿ ያጥራት ጀመር። በዚያው ዓመት የመንጋጋ ጥርሷ በስብሶ ድዷ አበጠ። ከዚያ በኋላ ትኩሳት ያዛት፤ ሌሊት ያልባታል፤ ሥጋዋም እየቀነሰ ሄደ። አገሩ የወባ አገር ስለ ሆነ በመጀመሪያ የወባ መድኃኒት ተሰጣት። ሲያገረሽ «ታይፎይድ ነው» ተባለ፤ ቀጥሎም «ታይፈስ»። በየጊዜው ለጥቂት ቀን መድኃኒት ትወስዳለች፤ ለጥቂት ቀን ይሻላታል፤ እንደ ገና ይነሣባታል። በስድስተኛው ሳምንት ኀይለኛ ራስ ምታት ያዛት፤ ቀኝ እጇ ወደቀ፤ ምላሷም ተሳሰረ።

አሁን ስሞቹን እንቍጠር። እንጥል፣ ቁርጥማት፣ ድካም፣ የጥርስ ሕመም፣ ወባ፣ ታይፎይድ፣ ታይፈስ፤ በመጨረሻም በመንደር «መጋኛ መታት»፣ በሆስፒታል «ስትሮክ»። አንድ በሽታ ዘጠኝ ስም ወጣለት። የመንደሩን ስም ሰምቶ የሚስቅ ተማሪ ካለ ከሰባተኛውና ከዘጠነኛው ስም ጋር ያስተያየው። «ስትሮክ» የሚለው ቃል ከ«መጋኛ» የሚለየው በላብራቶሪ አጠገብ በመነገሩ ብቻ ከሆነ፣ ምክንያቱን ካልጠየቀ፣ እውቀት አልጨመረም። ወዳጃ አድርገው ዱዓ ያደረሱላት ጎረቤቶቿ ቢያንስ ተሰብስበው መጥተዋል፤ የእኛ ምዕራፎች ግን በአንዲት ሕመምተኛ ላይ ሊሰበሰቡ አልቻሉም። ጉሮሮን በአንድ ዓመት፣ ልብን በሌላ ዓመት፣ አንጎልን በሦስተኛው ዓመት እንማራለን፤ ሦስቱን የሚያገናኝ ንግግር ግን ብዙ ጊዜ አንሰማም።

ከዚህ ሁሉ የሚያስገርመው ታሪኩን ሙሉ የምታውቅ አንዲት ሰው መኖሯ ነው፤ እርሷም እናቷ ናት። ጉሮሮውን አይታለች፤ ጉልበቱን አሽታለች፤ ላቡን ጠርጋለች። ነገሮቹንም በቅደም ተከተላቸው ታውቃቸዋለች። የጎደለው ምልክት ሳይሆን ጠያቂ ነው። ጥያቄውም ቢመጣ በሚገባት ቋንቋ መምጣት አለበት፤ የኦሮምኛ ተናጋሪ እናት በኦሮምኛ፣ የአፋር እናት በአፋርኛ ካልተጠየቀች «ቁርጥማት» የሚለውን ቃል በአስተርጓሚ መካከል ማጣት ቀላል ነው። እርሱም ከጠፋ ሰንሰለቱ በወገቡ ተበጠሰ።

መጽሐፉ በዚህ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «የአንጎል ደም ሥር ራጅ ተነሥቶ እብጠቱ ይታይ» የሚል ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ለሰንበቴ የመጨረሻው ምክር እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ከዚያ የሚቀድም፣ ያለ መሣሪያ የሚፈጸም፣ ቢዘነጋም ሕይወት የሚያስከፍል ሌላ ምክር አለ። ይኸውም ትኩሳት ያለበት ወጣት በድንገት ግማሽ ጎኑ ቢደክም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከመስጠት በፊት ልቡን ማዳመጥ ነው። ቫልቩ የተጎዳ ሰው፣ ይልቁንም የልቡ ምት የተዛባበት ወይም ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው፣ ደሙ እንዳይረጋ ዋርፋሪን ሊወስድ ይችላል። የቅዳውን ግድግዳ ባክቴሪያ እየበላው ያለ ሰው ግን ያው መድኃኒት የሚፈስሰውን ደም ማቆሚያ ያሳጣዋል። የረጋ ደም ለማሟሟት የሚሰጠው መድኃኒትም በልብ ልክፈት ጊዜ የተከለከለ ነው። በአንድ ሕመምተኛ ላይ የሚጠቅመው መድኃኒት በሌላው ላይ ገዳይ የሚሆንበትን ወሰን የምትለየው አንዲት ጥያቄ ናት፦ «ትኩሳት ነበረባትን?»

፬. የሚቀርቡብን መልሶች

ይህን ስንል ሦስት መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን፤ ሦስቱም ክብደት አላቸው።

የመጀመሪያው «በሽታው ጥቂት ነው፤ ስለ ጥቂቶች ለምን ይህን ያህል ይጻፋል?» የሚል ነው። የልብ ልክፈት ካለባቸው ሰዎች መካከል ልክፈታዊ አኑሪዝም ተለይቶ የሚታወቅባቸው ከመቶ ከ2 እስከ 4 ያህል እንደ ሆኑ መጻሕፍት ያመለክታሉ። ነገር ግን ይህ ቍጥር የተፈለገው የተገኘበት አገር ቍጥር ነው። ብዙው እብጠት ሳይፈነዳ ምልክት አይሰጥም፤ አንዳንዱም በመድኃኒት ጠፍቶ ይቀራል፤ የፈነዳውም ራጅ ካልተነሣ በስትሮክ ስም ይቀበራል። ይልቁንም በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረው ስለ አንጎሉ እብጠት ብቻ አይደለም። እብጠቱ የሰንሰለቱ መጨረሻ ቀለበት ነው፤ እርሱን የሚከለክለው ነገር ከእርሱ በፊት በልብ ድካም የሚሞቱትን ብዙዎችንም ያድናል።

ሁለተኛው መልስ «በሰንበቴ የአንጎል ሐኪም የለም፤ ማወቁ ምን ይረባል?» የሚል ነው። የአንጎል ቀዶ ጥገና ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ ከበርገን ባልደረቦች ጋር በመተባበር በ2006 ተጀምሯል፤ ከዚያ በፊት በመላ አገሪቱ የነበሩት የሙያው ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢም የልብ ማዕከል በ2009 ተከፍቷል። እነዚህ የሚያስመሰግኑ ሥራዎች ናቸው፤ ከዚያ የሠለጠኑትም ወደ ክፍላተ ሀገር መውጣታቸው ተስፋ ይሰጣል። ነገር ግን ቀዶ ጥገናው ራሱ ቅድመ ዝግጅት ይሻል። እብጠቱ ካልፈነዳ ዋናው ሕክምና ረዥም የባክቴሪያ መድኃኒትና በየጊዜው የሚደረግ ራጅ ነው፤ የፈነዳ ወይም እያደገ የሚሄድ እንደ ሆነ ደግሞ በቀዶ ጥገና ወይም በደም ሥር ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ መዝጋት ይገባል። አንጎል ውስጥ ደም የፈሰሰበት ሰው የልብ ቫልቩን ለመለወጥ ብዙ ጊዜ ቢያንስ አራት ሳምንት ይቈያል፤ በልብ ቀዶ ጥገና ጊዜ ደሙ እንዳይረጋ መድረግ አለበትና። ይህ ሁሉ የሚቻለው ሕመምተኛው በጊዜ ከተላከ ነው። የሚልከው ደግሞ የሰንበቴ ጤና ጣቢያ ነው እንጂ የአዲስ አበባው ሐኪም አይደለም። ስለዚህ እውቀቱ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው መሣሪያው በሌለበት ስፍራ ነው።

ሦስተኛው መልስ ከሁሉ ይከብዳል። «ለጉሮሮ ሁሉ ፔኒሲሊን ይሰጥ ካላችሁ የመድኃኒት ብክነትና የባክቴሪያ መላመድ ይመጣል፤ የጉሮሮ ሕመም አብዛኛው በቫይረስ የሚመጣ ነውና።» ይህ እውነት ነው፤ እኛም ለሁሉ ይሰጥ አንልም። ነገሩን ይበልጥ የሚያጠብቀው ሌላ እውነትም አለ። ያው መድኃኒት በጊዜው የማይገኝ ሲሆን ያለ ጊዜው ይበዛል። ልጅቱ በስምንት ዓመቷ አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ያስፈልጋት በነበረ ጊዜ ዝንጅብል ጠጣች፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ደሟ ለምርመራ መቀዳት በነበረበት ጊዜ ግን በየሳምንቱ ግማሽ ግማሽ መድኃኒት ወሰደች። ግማሽ መድኃኒት ባክቴሪያውን አይገድለውም፤ ከላብራቶሪው ዓይን ግን ይሰውረዋል። ደሙ ሲመረመር ምንም አይበቅልም፤ ሐኪሙም ጠላቱን ሳያውቅ ይዋጋል። እንግዲህ ክርክሩ «ይብዛ» ወይም «ይነስ» የሚል መሆን የለበትም። መድኃኒቱ ከስምንት ዓመቷ ልጅ ወደ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ለምን ዘገየ የሚል ነው።

፭. ምን ይደረግ እንላለን

ከትችት ቀጥሎ የሚሠራ ነገር ካልቀረበ ትችቱ ጩኸት ብቻ ይሆናል። የምናቀርበው ጥቂት ነው።

አንደኛ፣ መምህሮቻችን ይህን በሽታ ከአንጎል ምዕራፍ ብቻ ሳይሆን ከጉሮሮ ጀምረው በአንድ ንግግር እንዲያስተምሩት እንጠይቃለን። አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ከዚያ ሰዓት የሚወጣ ተማሪ ስለ አንጎል ብቻ ሳይሆን ስለ ቁርጥማትም የተለየ ጆሮ ይኖረዋል።

ሁለተኛ፣ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሕመምተኛ ሁሉ ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ፤ በሚያውቀውም ቋንቋ ይጠየቅ። በልጅነቱ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ አብጠው ያውቃሉን? ሽቅብ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋልን? እስካሁን ምን መድኃኒት፣ ለስንት ቀን ወሰደ? ከዚያም ልቡ ይደመጥ፤ ጥርሱም ይታይ። የልብ ድምፅ የተለወጠበት ሰው ሌላ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የደም ናሙና ወደሚመረመርበት ስፍራ ይላክ። ለዚህ የሚያስፈልገው ማዳመጫና ትዕግሥት ነው።

ሦስተኛ፣ የሩማቲክ ሕመም አንድ ጊዜ የያዘው ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው ዘለግ ያለ ጊዜ የሚሠራ ፔኒሲሊን እንዳይቋረጥበት መዝገብ ይያዝለት። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2018 ስለዚህ በሽታ ውሳኔ አስተላልፏል፤ ውሳኔው ሥራ የሚሆነው ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የልጁን ቤት ስታውቅ ነው። በሰንበቴ ዓይነት ከተማ የእሑድ ገበያ ለዚህ የሚመች ቀን ይመስለናል። ሩቅ የሆነው ሁሉ በራሱ ጉዳይ ወደ ከተማ የሚመጣበት ቀን ነውና፤ መርፌውን ከገበያው ጋር ማገናኘት እናትን ሌላ ቀን ከሥራ ከማስፈታት ይሻላል።

አራተኛ፣ እንጥል ማስቈረጥንና የሕፃን ጥርስ ማስወጣትን በተመለከተ «ጎጂ ልማድ» ብሎ መንቀፍ ብቻ አይበቃም። እናት ልጇን ወደ ቈራጭ የምትወስደው ጉሮሮውን ስለ ናቀች ሳይሆን ስለ ፈራች ነው፤ ፍርሃቷም ትክክለኛ ስፍራ ላይ ያረፈ ነው። ያልተቀቀለ ምላጭ ደም ያፈስሳል፤ ለባክቴሪያም መግቢያ ይከፍታል፤ በጉሮሮ ውስጥ ያለውንም ጠላት አያወጣም። እንግዲህ ምላጩን ስንከለክል መርፌውን በእጃችን ይዘን መሆን አለበት። አለዚያ ባዶ እጃችንን ይዘን ነው የከለከልናት።

የኦስለር ሕመምተኛ የሞተው ፔኒሲሊን ከመገኘቱ ብዙ ዓመታት በፊት ነው፤ በዚያ ዘመን የልብ ልክፈት የያዘው ሰው ይሞታል ማለት ይቻል ነበር፤ ሐኪሙም ከመመልከትና ከመሰየም በቀር የሚያደርገው አልነበረውም። ስለዚህ በስሙ መሳሳቱን ታሪክ ይቅር ይለዋል። ዛሬ ግን መድኃኒቱ አለ፤ ዋጋውም ርካሽ ከሚባሉት ነው። መንገዱም ከጉሮሮ እስከ አንጎል ድረስ ተጠንቶ ታውቋል። እንዲህ ከሆነ ዘንድ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ እጇ የወደቀ ልጅ ወደ ሆስፒታል ስትመጣ «ብርቅ በሽታ ገጠማት» ማለት ትክክለኛ ፍርድ አይመስለንም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዓይን ሲታይ የቆየ ነገር ብርቅ ሊባል አይችልም፤ ያልተጠየቀ ሊባል ግን ይችላል።